ዳሚትና የቃሊቲው ዝንብ

ተረት ተረት! የላም በረት!

ከዱጉና ተራራ ግርጌ ወደ ብላቴ ወንዝ በሚወርደው ሜዳ፣ ከዲምቱ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ትልቅ በረት ነበር። የበረቱ ታላቅ ዳልቻ የምትባል አሮጊት ላም ናት። ጥጆች «እማማ ዳልቻ» ይሏታል፤ በሬዎችም እሷ ሳትተኛ ጎናቸውን አያሳርፉም። ብዙ ሐዘን ያየች ላም ነበረች። አያቷ ዋዱ የሚባለው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ከደጋ ሰፋሪዎች ጋር ወደ አበላ ቆላ ወርዳ በገንዲ ሞታለች። እናቷም በዚያው በሽታ ከስታ፣ ጠጉሯ ቆሞ፣ ወተቷ ነጥፎ አልቃለች። ስለዚህ እማማ ዳልቻ ከጅብም ከነብርም አብልጣ የምትፈራው አንዲት ዝንብ ነበረች፤ ክንፎቿን አንዱን በሌላው ላይ ደርባ የምታርፈውን፣ መጽሐፍ ጸጸ የሚላትን የገንዲ ዝንብ።

ከዕለታት አንድ ቀን ነጋዴዎች ከደሜ ሸለቆ በኩል የነዷትን አንዲት ጊደር ወደዚህ በረት አስገቡ። ስሟ ዳሚት ነው፤ መልኳ ዳማ፣ ዓይነ ግቡ፣ ገና ያልወለደች። በትከሻዋ ላይ አንድ ዝንብ ተቀምጦ ነበር። ላሞቹ ባዩት ጊዜ ጭራቸውን ቀሰሩ። ዝንቡ ግን ሳይሸሽ ሰላምታ አቀረበ።

«እንደምን አመሻችሁ፣ እናቶቼ። አትፍሩኝ። የዱር ልጅ አይደለሁም፤ አዲስ አበባ ቃሊቲ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ።»

«ቃሊቲ የገንዲ ዝንብ ምን ይሠራል?» አለች እማማ ዳልቻ።

«የእኛን ዘር እያረቡ የሚያሳድጉበት ቤት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የተመረቀው። እዚያ ስንኖር ላም አይተን አናውቅም። ደም የምንጠጣው ሞቅ ተደርጎ በስስ ሽፋን በኩል ነው። ወንዶቹን ለይተው ጋማ ጨረር ያሳዩናል። ከዚያ በኋላ መብረርም፣ ሚስት መፈለግም እንችላለን፤ ልጅ ግን አይኖረንም። ከመለቀቃችን በፊት ደግሞ ገንዲን እንዳናስተላልፍ መድኃኒት የገባበት ደም ያጠጡናል። የተላክሁት ለእናንተው ደኅንነት ነው።»

እማማ ዳልቻ ነገሩን ልታመዛዝን ዝም አለች። በሾላው ዛፍ ላይ የነበረ ቁራ ግን ከዚህ ሁሉ ንግግር «ጨረር» የምትለዋን ብቻ ይዞ በረረ። ሌሊቱ ሳይጋመስ ወሬው ብላቴን ተሻገረ። ሲነጋ፣ ዝንቡ ጨረር ያየ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ጨረር ሆኗል ተባለ። ጀንበር ስትጠልቅ፣ ዝንቡ ያረፈባት ዳሚትም ጨረር ሆናለች ተባለ። በማግስቱ የዳሚት ጥላ የወደቀበት ሣር መበላት የለበትም ተባለ።

በሦስተኛው ቀን ጦጣ አመድ ይዛ ወረደች። «ይህን ግንባራችሁን ብትቀቡ ጨረር አይደርስባችሁም» አለች። ዋጋው በአንድ ቀንድ አንድ እሸት በቆሎ ነው። ባለ ሁለት ቀንዱ ሁሉ ሁለት ሁለት ከፈለ። ቀንድ ያላወጡ ጥጆች ያላቸው እናቶች ስለ ልጆቻቸው አብልጠው ከፈሉ። ቡሬ የሚባለው ትልቁ በሬም «ለደኅንነታችን ነው» ብሎ ዳሚትን ከአጥሩ ውጭ ካስማ ተክሎ አሰራት። ውሃ የምትጠጣው ከሁሉ በኋላ፣ ከሁሉ በታች ሆነ።

በእነዚያ ቀናት ሁሉም ዓይኑን ዳሚት ላይ ተክሎ ስለነበር ጭራውን ለማወዛወዝ እንኳ የረሳው ብዙ ነው። የዱር ዝንቦች ይህን ጊዜ አገኙ። ከወንዙ ዳር ቁጥቋጦ እየወጡ አመድ በተቀባው ግንባር ሥር፣ በሆድና በብብት ገብተው ጠገቡ። «ያን የከተማ ዝንብ ተጠንቀቁ፤ እኛ እንኳ አብረናችሁ ያደግን ነን» ይሉ ነበር እየነደፉ።

በአንዱ ሌሊት ጅብ መጣ። ዳሚት ገመዷን እስክትበጥስ ተወራጭታ ተረፈች፤ ጭኗ ላይ ግን አንድ ጉርሻ ያህል ሥጋ ተወሰደባት። እማማ ዳልቻ ጩኸቷን ሰምታ ነበር። አልወጣችም። ሲነጋ ግን ከብቱን ሁሉ ከሾላው ሥር ጠራች።

መጀመሪያ የተጠየቀው ቁራ ነው። «ጨረር ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ» አለ። «ሌላስ?» ቢሉት ሌላ የሰማው የለም።

ቀጥሎ የተነሳው ማንም ያልጠበቀው ምስክር ነው። የበረቱ ማዕዘን ሆኖ ለዘመናት የኖረ፣ ከዱጉና የወረደ አሮጌ ድንጋይ። «ጨረርን በተመለከተ ከእኔ የቀደመ የለም» አለ። «ተራራው እሳት በነበረ ጊዜ ከሆዱ ስወጣ ዩራኒየምና ቶሪየም ይዤ ነው የወጣሁት፤ ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ሳላቋርጥ እተኩሳለሁ። አባቶቻችሁ ጀርባቸውን ሲያኩብኝ እተኩስ ነበር።»

ከብቶቹ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ቆዩ እንጂ፣ ልንገራችሁ። ዓለም አተም ከሚባሉ ጥቃቅን በረቶች የተሠራች ናት በሉ። በየበረቱ ዙሪያ ኤሌክትሮን የሚባሉ ጥጆች ታስረዋል። የምናየው ብርሃን፣ የሬዲዮ ሞገድ፣ የእጅ ስልክ ሞገድ ጥጆቹን ቢነቀንቅ እንጂ ገመዳቸውን አይበጥስም። ገመዱን የሚበጥስ ኃይል ያለው ሲመጣ ጥጃው ያመልጣል፤ በረቱም አዮን የሚባል ጎዶሎ በረት ይሆናል። አዮናይዚንግ ጨረር የሚሉት ይህን ነው። እኔ ሦስት ዓይነት እተኩሳለሁ። አልፋ ከባድ ነው፤ ሩቅ አይሄድም፣ ወረቀት ያቆመዋል፣ የቆዳችሁን የላይኛውን ሽፋን እንኳ አያልፍም። ነገር ግን በትንፋሽ ወይም በምግብ ውስጣችሁ ከገባ ከሦስቱ ሁሉ የባሰ የሚጎዳው እሱ ነው። ሬዶን የሚባለው ከእኔና ከአፈሩ የሚወጣ ጋዝ ሳንባን የሚጎዳው በዚህ መንገድ ነው፤ ቤታችሁ ነፋስ ይግባበት የምለውም ለዚህ ነው። ቤታ ቀለል ያለ ነው፤ ጥቂት ሚሊሜትር አሉሚኒየም ይበቃዋል። ጋማ ግን ክብደት የለውም፤ የብርሃን ዘመድ ነው፣ ሰውነትን አልፎ ይሄዳል። እሱን ለማድከም ወፍራም እርሳስ ወይም ኮንክሪት ያስፈልጋል።»

«ይህ ድንጋይ ዛሬውኑ ብላቴ ውስጥ ይጣል!» አለ ቡሬ።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ ያለችው እንሰት ቅጠሏን አነቃነቀች። «እሱን ከጣልክ እኔንም ንቀለኝ፣ ቡሬ። በእኔ ውስጥ ፖታሲየም አለ። ከፖታሲየም ሁሉ ከ10,000 አንዱ ያህል ጨረር የሚረጭ ፖታሲየም 40 ነው። ቅጠሌን ስትበላ አብረህ ትበላዋለህ። በቆሎውም፣ ቦዬውም፣ ሣሩም አለው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰውነቱ ውስጥ ካለው ፖታሲየም 40 ብቻ በእያንዳንዷ ሰከንድ ከ4,000 በላይ አተሞች እየተለወጡ ጨረር ይረጫሉ። አንተ የስንት ሰው ክብደት ነህ?»

ቡሬ ሆዱን ተመለከተ። ላሞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዳሚት ሸሽተው ተጠጋግተው ሲያድሩ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲተኩስ ኖሯል። ከሁሉ ርቃ ያደረችው ዳሚት ብቻ ናት።

«እንግዲያው ጨረር የሚባል ነገር አይጎዳም ማለት ነው!» አለ አንድ ወይፈን ደስ ብሎት። ሌሎቹም ተቀበሉት። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ መዝለል ከብትንም ሰውንም እኩል ይቀልለዋል፤ ትላንት ጥላ የሚፈራ ዛሬ እሳት ለመጨበጥ ይነሳል።

ወይፈኑን የመለሰችው ሽመላ ናት። ሽመላ በየዓመቱ ከአውሮፓ ተነስታ በስምጥ ሸለቆው ላይ የምታልፍ መንገደኛ ናት፤ ያን ዕለት በብላቴ ረግረግ እንቁራሪት ስትለቅም ነበር።

«ልጄ፣ እንዲህ አትበል» አለች። «አያቴ ጎጆዋን የሠራችው ዩክሬን ውስጥ፣ ፕሪፕያት ከምትባል ከተማ አጠገብ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1986 ሌሊት የቼርኖቢል የኑክሌር ማብላያ ፈነዳ። በማግስቱ 49,000 ያህል የከተማው ነዋሪዎች በአውቶቡስ ተጭነው ወጡ። እሳቱን ሊያጠፉ ከገቡት አንዳንዶቹ በሳምንታት ውስጥ ሞቱ። ጨረር አይገድልም የሚል እነሱን ይጠይቅ።»

«ታዲያ የትኛውን እንመን?» አለች እማማ ዳልቻ። «ድንጋዩ በሆዳችን አለ ይላል። አንቺ ይገድላል ትያለሽ።»

«ሁለታችንም እውነት ነው የተናገርነው፣ እማማ። ልኩን ነው መጠየቅ። ሰዎች ሲቨርት የሚሉት መስፈሪያ አላቸው፤ ሺህኛ እጁ ሚሊሲቨርት ይባላል። ከድንጋይ፣ ከሰማይ፣ ከምግብና ከአየር ሰው በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ያገኛል። የደረት ራጅ አንድ ጊዜ መነሣት የዚያ ጥቂቱ ነው፤ ከ0.1 አይበልጥም። በጨረር ሥራ ላይ ለሚውል ሰው በዓመት በአማካይ ከ20 እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ለሌላው ሕዝብ ከተፈጥሮውና ከሕክምናው በላይ 1 ብቻ። በአጭር ጊዜ መላ ሰውነቱን ከ4,000 እስከ 5,000 የመታው ሰው ግን ካልታከመ የመሞትና የመትረፍ ዕድሉ እኩል ነው። ያው ጨረር ነው፣ ያው ስም ነው። ሰውነት ትንሹን ስብራት እየጠገነ ይኖራል፤ ትልቁ ሲመጣ የሚጠግነው ራሱ ይሰበራል። መከላከያውም ጦጣ የሸጠችላችሁ አመድ አይደለም። አጠገቡ የምትቆዩበትን ጊዜ ማሳጠር ነው፤ መራቅ ነው፣ ከትንሽ ምንጭ ርቀታችሁን እጥፍ ብታደርጉ የሚደርስባችሁ አንድ አራተኛ ይሆናልና፤ በመካከል ጋራጅ ማድረግ ነው።»

«እሺ፣ ይህችስ ጊደር?» ሲል ቡሬ አቋረጣት። «ጨረር ያየ ተሸክማለች።»

ሽመላ ወደ ዳሚት ዞራ ጭኗን አየች። ትንሽ ቆየች።

«ከቼርኖቢል የወጣው ሁለት ነገር ነው» አለች። «አንዱ ጨረሩ ራሱ ነው፤ መትቶ ያልፋል፣ ካለፈ በኋላ በተመታው ላይ አይቀርም። ሁለተኛው ጨረር የሚረጭ አቧራ ነው፤ እሱ በልብስ፣ በጠጉር፣ በሣር ላይ ያርፋል፣ በወተት በኩል ወደ ሕፃናት ይገባል። አዮዲን 131 የሚባለው በ8 ቀን ግማሹ ይጠፋል፤ ሴሲየም 137 ግን ግማሹ እስኪጠፋ 30 ዓመት ይፈጃል። አቧራ የያዘ ልብሱን ያወልቃል፣ ይታጠባል፣ በመሣሪያ ይለካል፣ ከዚያ ነጻ ነው። ጨረር መትቶት ያለፈ ደግሞ ከመጀመሪያውም የሚታጠብለት ነገር የለውም፤ ሕመምተኛ ቢሆን እንኳ ምንጭ አይደለም። ታጥበው፣ ተለክተው፣ ንጹሕ መሆናቸው ታውቆ በየከተማው የሰፈሩትን የፕሪፕያት ሰዎችን ልጆች ግን አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። ማብላያውን የሠሩት እነዚያ ልጆች አልነበሩም።»

እዚህ ላይ ተረቱን ለጥቂት ጊዜ ላቁመው፤ ሽመላ ያላየችው፣ እኔ ግን ሳልጽፈው ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ ባዶ በቀረ ክሊኒክ ውስጥ የተተወ የጨረር ሕክምና መሣሪያ ነበር። ቁራሌ ለቃሚዎች ወሰዱት፤ ሲሰብሩት በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ዱቄት አገኙ። ሴሲየም 137 ነበር። ስላማራቸው ለዘመድ አካፈሉት። አራት ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የስድስት ዓመት ሕፃን ናት። በቀብሯ ዕለት የሰፈሩ ሰው እዚህ አትቀበርም ብሎ ድንጋይ ወረወረ። ሣጥኗ ጨረር እንዳያልፍ ተብሎ የተሠራ ከባድ ሣጥን ነበር፤ ጉድጓዷም በኮንክሪት ተደፈነ። ያን መሣሪያ የተዉት ሰዎች ቤት ላይ እንዲህ ድንጋይ መዝነቡን አልሰማሁም። ከዚያም በኋላ ከከተማዋ የሚወጡ ብዙዎች ንጹሕ ነኝ የሚል ወረቀት ለመያዝ ተገደዱ።

በእኛም አገር ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር፤ ከወላይታም ከጎንደርም የካንሰር ሕመምተኛ ወደዚያ ይጓዝ ነበር። ከኮባልት 60 የሕክምና መሣሪያ የሚወጣው ጋማ ጨረር ፈጥኖ የሚባዛውን የዕጢ ሕዋስ ከሌላው አብልጦ ይገድላል። ኮባልቱ ከእርሳስ ቤቱ አይወጣም። ሕመምተኛዋ ከአልጋው ስትነሳ በእሷ ላይ የሚቀር ጨረር የለም፤ ሕፃኗን ማቀፍ፣ ከአንድ ትሪ መብላት ትችላለች። በመርፌ ወይም በሚዋጥ መድኃኒት መልክ ጨረር የሚሰጣቸው ሌሎች ሕመምተኞች አሉ፤ ለእነሱ ሐኪሙ ስንት ቀን ራቅ ብለው እንደሚቆዩ ይነግራቸዋል፣ ቀኑም ያልቃል። ያለ ምንም ቀን ገደብ ሳህኗ የተለየባትን ሴት ሳስብ ያመኛል። ወደ በረቱ ልመለስ።

እማማ ዳልቻ ዝንቡን ጠራችው። «አንተስ ልጄ፣ ያየኸው የትኛውን ነው?»

«የመጀመሪያውን፣ እማማ። መትቶኝ አለፈ። አቧራ አልነካኝም።»

«ታዲያ እንዴት ሳትሞት ልጅ ብቻ አጣህ?»

«ጨረር አጥብቆ የሚጎዳው በመባዛት ላይ ያለውን ሕዋስ ነው። የክንፌ ጡንቻ መባዛቱን ጨርሷል፤ ዘሬ ግን ገና በሥራ ላይ ነበር። ልኩ ቢበዛ መብረር ያቅተኛል፣ ቢያንስ ልጅ እወልዳለሁ፤ ስለዚህ መጥነው ነው የሰጡን። የእኛ ሴት አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ አንድ ባል ብቻ ነው የምታገባው። የምትወልደውም አንድ አንድ እያለች ነው። እኔን ያገባች እንደሆነ ፅንሷ አያድግም፤ ሌላ ባልም አትፈልግም። እንዲህ እየሆነ የዛንዚባሯ ኡንጉጃ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1997 ከገንዲ ዝንብ ነጻ መሆኗ ተረጋገጠ። በዚያው ዓመት በእናንተም አገር በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ሥራው ተጀመረ፤ የታሰበው 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ደሴት ባለመሆኑ ይከብዳል፤ ከጠራው ቦታ ጎን ያልጠራ ሸለቆ አለ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። ለእኔ የቀረኝ ዕድሜ በቀን የሚቆጠር ነው። ወደ ወንዙ ልሂድ።»

ከቁጥቋጦው የዱር ዝንቦች ጩኸት ተነሳ። «ዘራችንን ሊያጠፋ የመጣ ነው! እሱን ነው የምትሰሙት?» እማማ ዳልቻ አልመለሰችላቸውም። ዝንቡ ከዳሚት ትከሻ ተነስቶ ወደ ብላቴ በረረ፤ የተከለከለ መንገድ አልነበረም።

ከዚያም አሮጊቷ ላም ተናገረች። «ይህን ሁሉ ቀን በዚህች ጊደር ላይ የጨረር ምልክት ስፈልግ ነበር። ያገኘሁት ቁስል አንድ ነው፤ የጅብ ነው። ጅብ አጥር ውስጥ አይገባም፤ ወደ እሱ ያወጣናት እኛ ነን። ጩኸቷን ሰምቼ ተኝቻለሁ። ዛሬ ማታ ዳሚት ከእኔ ጎን ታድራለች። የሚፈራ ካለ እሱ ራቅ ብሎ ይደር፤ በረቱ ሰፊ ነው።»

ቡሬ አንገቱን ደፍቶ ካስማውን ሊነቅል ሄደ። መንገድ ላይ ግን ከጦጣ ጋር ተገናኘና ደሙ ፈላ። «አመዷን በበቆሎ የሸጠችልን ይህች ናት! በዚሁ ካስማ ትታሰር፣ እሷም ጅቡን ትየው!» አለ። ከብቱ ሁሉ «ትታሰር!» አለ።

ጦጣ ወደ ዛፍ አልወጣችም። «ፍርሃቱን እኔ አልፈጠርሁትም» አለች። «ይዛችሁት ስትዞሩ አገኘኋችሁ። ለምን ዝም ብዬ ልመልሳችሁ?»

«ማወቅሽን ነው የምጠይቅሽ» አለች እማማ ዳልቻ። «አመድ ጋማን እንደማያቆም ታውቂ ነበር?»

«ጋማ የሚባል መኖሩንም አላውቅም ነበር።»

«ሳታውቂ ነው ለሕፃናት የሸጥሽው?»

ጦጣ ለዚህ መልስ አላገኘችም። ከብቶቹ ግን ገመድ ይዘው ቀረቡ።

«ገመዱን ጣሉት» አለች እማማ ዳልቻ። «ከዚህ በረት ማንም ውጭ አይታሰርም። በቆሎውን ትመልሳለች፤ የጥጆቹን ድርሻ አስቀድማ።»

አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፤ ይህ ፍርድ ለእነሱ ቀለል ብሎባቸዋል። ካስማው ግን ተነቅሎ ለአጥሩ ቀዳዳ መጠገኛ ዋለ። ጦጣ በሦስተኛው ቀን የጥጆቹን በቆሎ ተሸክማ መጣች፤ ቡሬ እየቆጠረ ተቀበላት፣ አራት እሸት ጎድሎ ስለተገኘ ቀሪውን ለመኸር ቀጠሯት።